ራስን መቻል ከዕውቀት ይጀምራል፦ ሕንድና የኳንተም ቴክኖሎጂ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከተላለፈ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ኳንተም ቴክኖሎጂ እንነጋገራለን። ስሙ ያስፈራ ይሆናል፤ ጉዳዩ ግን ከየቤታችን የራቀ አይደለም። ልጃችን ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ገንዘብ ስትልክልን፣ በቴሌብር ሒሳብ ስንከፍል፣ ከባንክ በስልካችን መልእክት ሲደርሰን ያ ሁሉ ምስጢር የሚጠበቀው በሒሳብ ቁልፍ ነው። የኳንተም ቴክኖሎጂ ደግሞ ያንን ቁልፍ አንድ ቀን ሊሰብረው፣ በሌላ በኩልም አዲስና ጠንካራ ቁልፍ ሊሠራ የሚችል ዕውቀት ነው። ስለዚህ ይህን ዕውቀት ማን ይይዘዋል? ሌላውስ ከማን እጅ ይቀበለዋል? የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን በደፈናው ከማውራት ይልቅ አንድ አገር መርጠን ጉዞዋን ብንመረምር ይሻላል ብለናል። የመረጥነው ሕንድን ነው። ሕንድ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ከሕንዳዊ መምህር ሒሳብና ፊዚክስ የተማሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ የሄዱ ወንድሞችና እህቶችም ብዙ ናቸው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ኳንተም ምንድን ነው?

ኳንተም ስንል እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፍጥረታት፣ ማለትም አቶም፣ ኤሌክትሮንና ፎቶን የሚባለው የብርሃን ቅንጣት የሚመሩበትን ሥርዓት የሚያጠና የፊዚክስ ክፍል ማለታችን ነው። አላህ (ሱ.ወ) በትልቁ ዓለም ላይ ሕግ እንዳደረገ ሁሉ በጥቃቅኑም ዓለም ላይ ሕግ አድርጓል። የጥቃቅኑ ዓለም ሕግ ግን እኛ በዓይናችን ከለመድነው የተለየ ነው።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ የሚሠራው እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ትንሿ ክፍሉ ቢት ትባላለች፤ ወይ ዜሮ ናት ወይ አንድ ናት። በኳንተም ኮምፒዩተር ያለችው ትንሿ ክፍል ግን ኪዩቢት ትባላለች። ኪዩቢት እስክትለካ ድረስ የዜሮና የአንድ ቅይጥ በሆነ ሁኔታ ላይ ልትቆይ ትችላለች። ሁለት ኪዩቢቶችም የአንዷ ውጤት ከሌላይቱ ውጤት ጋር በጥብቅ እንዲያያዝ ሆነው ሊተሳሰሩ ይችላሉ። ይህ ማለት አንዳንዶች እንደሚሉት መሣሪያው ለማንኛውም ጥያቄ መልሱን ሁሉ ባንዴ ያወጣል ማለት አይደለም። ለተወሰኑ የስሌት ዓይነቶች ግን የተለመደው ኮምፒዩተር የማይደርስበት አቋራጭ መንገድ ይከፍታል።

ከእነዚህ ስሌቶች አንዱ ነው ዓለምን ያስደነገጠው። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ከሚሠሩት የምስጢር ቁልፎች ብዙዎቹ የቆሙት በአንድ ቀላል በሚመስል እውነት ላይ ነው። ሁለት ትላልቅ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ብዜቱን ብቻ ይዞ ሁለቱ ቁጥሮች የትኞቹ እንደነበሩ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። በ1994 ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒዩተር ቢሠራ ይህንን ከባድ ሥራ በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው እንደሚችል አሳየ። እስካሁን የተሠሩት መሣሪያዎች ለዚያ አቅም አልደረሱም። ነገር ግን ዛሬ የተቆለፈ መልእክት ሰብስቦ አስቀምጦ መክፈቻው ሲገኝ ለመክፈት የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል። በዚህም ስጋት የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት አዳዲስ የቁልፍ ደረጃዎችን በነሐሴ 2024 አጽድቆ አውጥቷል።

ሌላው የኳንተም ጥቅም ምስጢርን በብርሃን ቅንጣት መላክ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ ሳይዛነፍ ሊገለበጥ አይችልም። ስለሆነም መሀል መንገድ ላይ ጆሮውን የሚጥል ሰው ቢኖር አሻራውን ትቶ ያልፋል። በሰም የታሸገ ደብዳቤ ሲከፈት ማሸጊያው እንደሚሰበር ማለት ነው። ሦስተኛው ጥቅም መለካት ነው። የአቶም ሰዓት የሚባለው ከዚህ ይመደባል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

«አንሸጥላችሁም» በተባሉ ጊዜ

ሕንዶች ለምን በዚህ ዕውቀት ራሳችንን እንቻል አሉ? መልሱ ያለው በታሪካቸው ውስጥ ነው።

በ1980ዎቹ ሕንድ ከአሜሪካ ከፍተኛ አቅም ያለው ሱፐር ኮምፒዩተር ለመግዛት ጠየቀች። መሣሪያው ለጦር መሣሪያ ሥራ ሊውል ይችላል በሚል ስጋት የጠየቀችውን ተከለከለች፤ የተፈቀደላት አቅሙ አነስ ያለና ለአየር ጠባይ ትንበያ ብቻ የሚውል ነበር። በ1988 የሕንድ መንግሥት ፑኔ በተባለችው ከተማ አንድ ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በ1991፣ «ፓራም 8000» የተባለውን ሱፐር ኮምፒዩተር አወጣ።

እዚህ ላይ ልብ እንድንል የምንፈልገው ነገር አለ። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የነበሩት ቺፖች ሕንድ ውስጥ የተሠሩ አልነበሩም፤ ከገበያ የተገዙ ነበሩ። ሕንዶቹ የሠሩት እነዚያን በገበያ የሚገኙ ቺፖች አስተሳስሮ እንደ አንድ ትልቅ አእምሮ እንዲሠሩ የሚያደርገውን ዕውቀት ነው። ራስን መቻል ማለት መርፌውንም ክሩንም እኔው ካልሠራሁ ማለት አይደለም። ልብሱን የመስፋት ዕውቀት በእጅ መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሮኬት ነው። ከባድ ሳተላይት ወደ ላይ ለማድረስ እጅግ በቀዘቀዘ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ያስፈልጋል። ነዳጁ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ሲሆን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሕንድ ይህን ሞተር ከነዕውቀቱ ለመግዛት በ1991 ከአንድ የሩሲያ ድርጅት ጋር ተዋዋለች። በ1992 አሜሪካ በሁለቱም ወገኖች ላይ ማዕቀብ ጣለች። በ1993 ሩሲያ ሞተሮቹን እሸጣለሁ፣ ዕውቀቱን ግን አልሰጥም አለች። ሕንድ የተሸጡላትን ሞተሮች እየተጠቀመች በጎን የራሷን መሥራት ጀመረች።

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሥራ ስንት ዓመት የፈጀ ይመስላችኋል? በራሷ ሞተር የመጀመሪያውን በረራ የሞከረችው በሚያዝያ 2010 ነበር፤ አልተሳካም። የተሳካው በጥር 2014 ነው። ከተከለከሉበት ዕለት አንስቶ ሃያ ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚህ መሐል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ አለ፤ ፍሬውን ሳያይ የሞተም ይኖራል። ሥራው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቀጠለ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

የእህት ወርቅ

ስለዚህ ጉዞ ሲወራ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ። እርሱም ዶክተር አብዱል ከላም ነው። በደቡብ ሕንድ ራሜስዋራም በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በ1931 ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የጀልባ ባለቤትና በአካባቢው መስጂድ ኢማም ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ጋዜጣ እያደለ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር።

የምሕንድስና ትምህርት ቤት ለመግባት ሲፈቀድለት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ያን ጊዜ እህቱ ዞህራ የወርቅ አምባሯንና የአንገት ሐብሏን መያዣ አድርጋ ገንዘቡን አገኘችለት። እስቲ አስቡት! በኋላ ሕንድ በራሷ ሮኬት የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሕዋ ስትልክ የሥራው ኃላፊ የነበረው ይህ ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የዚህች እህት ወርቅ ግን ለአንድ ወንድም ተብሎ ተይዞ አገር አደመቀ።

ሥራው እንዲሁ በቀላሉ የተሳካ አልነበረም። በነሐሴ 1979 የተተኮሰው ሮኬት ወደ ባሕር ወደቀ። በዚያን ዕለት ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ውድቀቱን በራሱ ላይ የወሰደው የበላይ አለቃው ፕሮፌሰር ሳቲሽ ዳዋን ነበር። በሐምሌ 1980 ሲሳካ ደግሞ ያው አለቃ ወደ ኋላ ብሎ ከላምን «ለጋዜጠኞቹ አንተ ንገራቸው» አለው። ከላም ይህንን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ደጋግሞ ይናገረው ነበር። ከ2002 እስከ 2007 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሎ፣ በሐምሌ 2015 ለተማሪዎች ንግግር እያደረገ ሳለ ወደቀና ከዚህ ዓለም ተለየ። ውድቀትን የሚሸከም አለቃ፣ ስኬትን ለታናሹ የሚሰጥ አለቃ በሌለበት አገር ዕውቀት አይበቅልም። የሚሳሳት ሁሉ የሚዋረድበት ቤት ውስጥ ማንም አዲስ ነገር አይሞክርም።

የቆመው ሰዓት

አሁን ወደ ኳንተም እንመለስ። ቀደም ብለን የአቶም ሰዓት ብለናል። የአቶም ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው በአቶም ውስጥ ያለውን የማይለዋወጥ ንዝረት ተከትሎ ነው። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያሳየን ሳተላይቶች በሚልኩት የሰዓት ምልክት አማካይነት ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለሆነም የሳተላይቱ ሰዓት በሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት በቦታ ላይ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ስሕተት ይፈጠራል።

ሕንድ በሌሎች አገሮች ሳተላይት ላይ ላለመንጠልጠል «ናቪክ» የተባለ የራሷን የአቅጣጫ ማመልከቻ ሥርዓት መዘርጋት ጀመረች። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በሐምሌ 2013 ተላከች። ሳተላይቷ የሕንድ፣ ሮኬቱ የሕንድ ነበር፤ በውስጧ የተቀመጡት ሦስት የአቶም ሰዓቶች ግን ከአውሮፓ የተገዙ ነበሩ። ሦስቱም ተራ በተራ ቆሙ። ነገሩ በ2017 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ። ሳተላይቷ ሕዋ ላይ አለች፤ ለቦታ ማመልከቻነት ግን አልጠቀመችም። በነሐሴ 2017 ምትክ እንድትሆን የተላከችው ደግሞ የሮኬቱ መሸፈኛ ሳይላቀቅ ቀርቶ ከሸፈች።

እዚህ ላይ ማንንም አንወቅስም፤ ሰዓት የሰው ሥራ ነውና ይበላሻል። ጥያቄው ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው በአገር ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው። ሕንዶች አሕመዳባድ ከተማ ባለው የሕዋ ማዕከላቸው የራሳቸውን የአቶም ሰዓት ሠሩ። ግንቦት 29 ቀን 2023 ያንን ሰዓት የያዘች ሳተላይት ተላከች። ወደ ላይ ያደረሳት ሮኬት የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ በ1993 ዕውቀቱ የተከለከሉት ቀዝቃዛ ሞተር የተገጠመለት ሮኬት ነው። አንዱ ክልከላ ያስጀመረው ሥራ ሌላውን ክፍተት ተሸክሞ ወጣ።

ይህም ሆኖ መንገዱ አልተደላደለም። በጥር 2025 የተላከችው ተከታይ ሳተላይት ከሮኬቱ በሰላም ብትለይም በራሷ ላይ ባጋጠመ ችግር ወደታሰበላት ምሕዋር መድረስ አልቻለችም። ራሱን የቻለም ይወድቃል፤ ልዩነቱ የወደቀበትን ምክንያት ራሱ ፈልጎ ማግኘት መቻሉ ነው።

አገራዊው ዕቅድ

ሕንድ በኳንተም ጉዳይ ላይ ከባዶ አልተነሣችም። በ1924 በዳካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሳትየንድራ ናት ቦዝ ስለ ብርሃን ቅንጣቶች የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ወደ አልበርት አንስታይን ላከ። አንስታይን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ እንዲታተም አደረገው። ዛሬ በመላው ዓለም አንድ የቅንጣቶች ወገን «ቦዞን» ተብሎ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። በ1928 ደግሞ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን በካልካታ ውድ ባልሆኑ መሣሪያዎች ስለ ብርሃን ባገኘው ግኝት በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን የአያት ስም ብቻውን የልጅ ልጅን አያበላም። ይህ ለእኛ ለሙስሊሞችም የሚነገር ነው። በባስራ በ965 ገደማ የተወለደውና በካይሮ የሠራው ኢብኑል ሃይሠም ስለ ብርሃንና ስለ ማየት የጻፈው «ኪታቡል መናዚር» ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል። ይህንን ስናወራ ደስ ይለናል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ኢብኑል ሃይሠም የተከበረው ከእርሱ በፊት የነበሩትን በማወደስ አይደለም፤ የተናገሩትን በሙከራ በመመርመር ነው። እርሱን የሚመስለው ስሙን የሚጠራ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራ ነው።

ወደ ሕንድ ስንመለስ፣ በየካቲት 2020 መንግሥት ለኳንተም በአምስት ዓመት 80 ቢሊዮን ሩፒ እመድባለሁ ብሎ በበጀት ንግግር አስታወቀ። የተነገረው ወዲያው አልተፈጸመም። አገራዊ የኳንተም ተልዕኮ የተባለው ዕቅድ የጸደቀው በሚያዝያ 2023 ሲሆን፣ ገንዘቡም 60 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ 730 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ፣ ጊዜውም እስከ 2031 ሆነ። ግቡ በስምንት ዓመት ውስጥ ከ50 እስከ 1,000 ኪዩቢት ያላቸውን መሣሪያዎች መሥራትና በአገር ውስጥ 2,000 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ የምድር ጣቢያዎች መካከል በሳተላይት ምስጢር ማስተላለፍ ነው።

ሥራው ለአንድ ተቋም አልተሰጠም። የስሌቱ ጉዳይ ለባንጋሎር፣ የመልእክቱ ለማድራስ፣ የመለኪያው ለቦምቤይ፣ የቁሳቁሱ ለዴልሂ ከፍተኛ ተቋማት ተከፋፈለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

እስካሁን ምን አገኙ? በየካቲት 2022 ፕራያግራጅና ቪንድያቻል በተባሉ ሁለት ከተሞች መካከል፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት፣ ቀድሞ በተዘረጋ የቴሌኮም መስመር ላይ የኳንተም ቁልፍ ተላላኩ። በነሐሴ 2024 በሙምባይና በፑኔ ያሉ ተመራማሪዎች ስድስት ኪዩቢት ያለው መሣሪያ ሠርተው መፈተሻቸውን አስታወቁ። በሚያዝያ 2025 ባንጋሎር የሚገኝ አንድ ኩባንያ 25 ኪዩቢት ያለው ኮምፒዩተር አስተዋወቀ።

እውነቱን እንነጋገር። ስድስት ኪዩቢት ትንሽ ነው። ጉግል በ2019 የ53 ኪዩቢት መሣሪያ ነበረው፤ አይቢኤም በ2023 ከ1,100 በላይ ኪዩቢት ያለው ቺፕ አሳይቷል። ቻይና የኳንተም ሳተላይት የላከችው በነሐሴ 2016፣ ከቤጂንግ ሻንጋይ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኳንተም መስመር የከፈተችው በ2017 ነው። ሕንድ ዘግይታለች። ታዲያ ስድስት ኪዩቢት ለምን ይወራለታል? ስድስቱን የሠራ እጅ ችግሩ የት እንዳለ ያውቃልና ነው። የሌላውን መቶ ኪዩቢት በኪራይ የሚጠቀም ሰው ኪራዩ ሲቋረጥ ባዶ እጁን ይቀራል።

የሚጎድለው ቅዝቃዜ

አሁንም ያልተፈታ ችግር አለ። በዚህ ዓይነት የኳንተም ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ቺፕ የሚሠራው ወደ መጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል በተጠጋ ሁኔታ ነው። ያ ወለል ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ከ15 ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው ከዚያ በላይ የአንድ ዲግሪ መቶኛ ወይም ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህንን ማቀዝቀዣ በጥራት የሚያመርቱት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከታወቁት አንዱ በፊንላንድ ይገኛል።

ማቀዝቀዣው በበኩሉ ሂሊየም 3 የተባለ ብርቅ ጋዝ ይፈልጋል። ጋዙ በአብዛኛው የሚገኘው ትሪቲየም የተባለው ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት ሲለወጥ ነው፤ ትሪቲየሙ ደግሞ ለኑክሌር መሣሪያ የሚዘጋጅ በመሆኑ ዋናዎቹ የጋዙ ምንጮች አሜሪካና ሩሲያ ናቸው። በመስከረም 2024 አሜሪካ በኳንተም ኮምፒዩተሮችና በማቀዝቀዣ ክፍሎቻቸው የውጭ ሽያጭ ላይ አዲስ ቁጥጥር አወጣች። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሮኬቱ ቅዝቃዜ ተከለከለ፤ ዛሬ ደግሞ የቺፑ ቅዝቃዜ በፈቃድ የሚገኝ ነገር ሆነ።

ለዚህም ነው በሕንድ ውስጥ ክርክር የሚካሄደው። በ2025 የአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት መንግሥት አማራቫቲ በተባለች ከተማ የአይቢኤም ባለ 156 ኪዩቢት ኮምፒዩተር ሊተከል መሆኑን ከኩባንያው ጋር አስታወቀ። አንዱ ወገን ይህ ራስን መቻል ነው ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ወገን ተማሪዎቻችን መሣሪያውን ሳይነኩ እንዴት ይማራሉ? ይላል። ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች አንድ አንድ እውነት ይዘዋል። መግዛት ነውር አይደለም፤ ሕንድ ራሷ ሞተር እየገዛች ነው ሞተር መሥራት የተማረችው። አደጋው ገዝቶ መተኛት ነው። ከተገዛው መሣሪያ አጠገብ የሚጠይቅ፣ የሚፈታ፣ የሚገጥም ወጣት ከሌለ ግዢው ዕዳ ብቻ ይሆናል።

ለየቤታችን የሚተርፈው

የተከበራችሁ ወላጆች! «ይህ ሁሉ የመንግሥትና የሊቃውንት ነገር ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን ከላይ ያነሣነው የእህት ወርቅ ነው። የሕንድ ሮኬት የተጀመረው በመንግሥት ቢሮ ብቻ አይደለም፤ አንዲት እህት ጌጧን ባወለቀችበት ክፍል ውስጥም ተጀምሯል።

ተወኩል ማለት ሰበብን መተው እንዳልሆነ ዑለማዎቻችን ሁልጊዜ ያስተምሩናል። በአላህ (ሱ.ወ) ላይ የሚመካ ሰው አቅሙ የፈቀደውን አድርሶ ውጤቱን ለጌታው ይተዋል። ልጆቻችን የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ሲከብዳቸው «ተወው፣ ይህ ለእኛ አልተሰጠም» ማለት ተወኩል አይደለም፤ ስንፍናን በዲን ስም መሸፈን ነው።

ስለዚህ በቤታችን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እንጠቁም። ለልጃችን ቁርኣን እንዲቀራ ሰዓት እንደምንለይ ሁሉ የሒሳብ መልመጃ የሚሠራበትም ጸጥ ያለ ሰዓት እንለይለት። ሴት ልጃችን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ የቤት ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ እንዳይወድቅ እንጠንቀቅ፤ ብዙ የሒሳብ አእምሮ የሚባክነው በዚያ ዕድሜ ነው። ልጅ «ሰማዩ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል» አንበለው። ራማን የኖቤል ሽልማት ያገኘበትን ምርምር የጀመረው በ1921 በመርከብ ሲጓዝ ባሕሩ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብሎ በመጠየቁ ነው። መልሱን ካላወቅነው «አብረን እንፈልገው» ማለት ይበቃል።

ለሠርግ፣ ለድግስና ለልብስ የምናወጣውን ገንዘብ እናስላው። ከዚያ ውስጥ ለአንድ ችግረኛ ተማሪ መጽሐፍ ወይም የትምህርት ክፍያ የሚሆን ድርሻ አይጠፋም። በየመስጂዱ አካባቢ ያሉ ጀመዓዎችም በክረምት የሚያስጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ቢያሰባስቡ ትልቅ ሥራ ነው። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም በየምትሠሩበት ቦታ ያያችሁትን ዕውቀት ወደ ታናናሾቻችሁ አስተላልፉ። ገንዘቡ ያልቃል፤ ዕውቀቱ ይቀራል።

ነገ ኪዩቢት እንሠራለን ብለን አንመጻደቅም። ሕንድ እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመት የቆየ የዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ሃያ ዓመት የፈጀ የሞተር ሥራ፣ የቆሙ ሰዓቶችና የወደቁ ሮኬቶች አልፋለች፤ አሁንም ገና መንገድ ላይ ናት። ነገር ግን ዛሬ በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ። ይህ ንግግር ካበቃ በኋላ ልጃችንን ጠርተን «ደብተርህን አምጣ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።